በጎቹን ለማን ትተው ሄዱ?

ጁባ፣ ኮሎሎ ሰፈር ውስጥ በምኖርበት ግቢ ሌሊት በር የሚጠብቅ አንድ ወጣት አለ። ሙንዳሪ ነው፤ ከጁባ በስተ ሰሜን፣ ነጭ ዓባይን ተከትለው ከሚደርሱባት ከተረኬካ አካባቢ የመጣ። ቁመቱ የግቢውን በር ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው፤ ሲስቅ የጄኔሬተሩን ድምፅ ይበልጣል። አንድ ምሽት ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቆበት ግቢው ጭር ሲል ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ጨዋታችን ዞሮ ዞሮ ልደት ላይ ደረሰ። እኔ ዕድሉን ካገኘሁ ሰባኪ ነኝ። ስለ ቤተልሔም እረኞች ጀመርኩለት፤ ሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ መልአክ እንደ መጣላቸው፣ ተያይዘው ሕፃኑን ሊያዩ እንደ ገሰገሱ...

እዚህ ላይ አስቆመኝ። "ቆይ እንጂ፣ በጎቹን ለማን ትተው ሄዱ?"

ሳቄ መጣ። እሱ ግን ከልቡ ነበር የጠየቀኝ።

ጥያቄው ከየት እንደ መጣ ለመረዳት የሙንዳሪን የከብት ሰፈር ማወቅ ይጠይቃል። በበጋ ዓባይ ዳር ይሰፍራሉ። ቀንዳቸው ከሰው ክንድ የሚረዝም ከብቶች ማታ ከግጦሽ ሲመለሱ በየካስማቸው ይታሰራሉ፤ ኩበት ይጫጫሳል፤ ሰዎቹም የኩበቱን አመድ ለትንኝና ለዝንብ ብለው ራሳቸውንም ከብቶቻቸውንም ይቀቡታል። የሚተኙት እዚያው፣ ከብቶቹ መሀል፣ ጭሱ ሥር ነው። ሌሊት ነቅተው የሚያድሩት ለአውሬ ብቻ አይደለም። ከብት ዘራፊ የሚመጣው መሣሪያ ይዞ ነውና ጠባቂውም መሣሪያውን አቅፎ ያድራል። ጎረምሳው ሚስት የሚያገባው በከብት ነው፤ ክብሩም የሚቆጠረው በከብት ነው። ለዚህ ልጅ "መንጋቸውን ትተው ሄዱ" ብሎ መንገር "ባንኩን ከፍተው ሄዱ" እንደ ማለት ነው።

እኛ እኮ እረኞቹን ስንሰብክ የምንጀምረው ከድህነታቸው ነው፤ የተናቁ፣ የተገፉ፣ ማንም የማያያቸው። ይህን ስብከት ብዙ አልወደውም። አብርሃም ባለ መንጋ ነበር፤ ሙሴ የአማቱን በጎች ሲጠብቅ ነው ቁጥቋጦው ሲነድ ያየው፤ ዳዊትም ከዚያችው ከቤተልሔም የተጠራው ከበጎቹ ኋላ ነው። በእኛም አገር ቢሆን እረኛ ቃሉ የሚደመጥ ሰው ነው። ዘመኑ ሲከብድ አዋቂዎቹ "እረኛ ምን አለ?" ብለው ይጠይቁ የለ! የግቢያችን ዘበኛ ደግሞ እረኛን በንቀት ማየት ጨርሶ አያውቅበትም። ስለዚህም እኛ ዕድሜ ልካችንን ያልጠየቅነውን ጠየቀ። የሚያጡት ነገር የነበራቸው ሰዎች እንዴት ተነሥተው ሄዱ?

ክፍሌ ገብቼ በስልኬ መብራት የሉቃስን ምዕራፍ 2 አወጣሁ። ከቁጥር 8 እስከ 20 ድረስ የእረኞቹ ታሪክ 13 ቁጥር ነው። ስለ ግርግሙ አለ፣ ስለ መጠቅለያው ጨርቅ አለ፣ እርስ በርሳቸው "እንሂድ" ስለ መባባላቸው አለ። በጎቹን ስለ ጠበቀው ሰው አንዲት ቃል የለም።

ግን ይህ ጥያቄ የሆነ ቦታ አጋጥሞኛል እያልኩ ስገላብጥ ቆይቼ አገኘሁት፤ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 17። ያው ቤተልሔም ነው፣ ከልደት አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ። እሴይ ልጁን ዳዊትን የተጠበሰ እህል፣ እንጀራና አይብ አስይዞ ጦር ሜዳ ወዳሉት ወንድሞቹ ይልከዋል። ልጁ ሄዶ ስለ ጎልያድ ሲጠይቅ ታላቅ ወንድሙ ኤልያብ ይሰማውና ይቆጣል። ምን ብሎ? እነዚያን ጥቂት በጎች በምድረ በዳ ለማን ትተህ መጣህ ብሎ! የኛ ዘበኛ የጠየቀውን ኤልያብ ቀድሞ ጠይቆታል። የኤልያብ ግን ጥያቄ ሳይሆን ስድብ ነው። "ጥቂት" ያለው ለማሳነስ ነው፤ አርፈህ በግህን ጠብቅ ነው ነገሩ። ያላወቀው፣ ዳዊት ሲነሣ በጎቹን ለጠባቂ አስረክቦ መምጣቱን ነው። ከስምንት ቁጥር በፊት፣ ቁጥር 20 ላይ፣ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል።

ስለ ወንጭፉ የሰማሁት ስብከት ተቆጥሮ አያልቅም። ስለ አምስቱ ድንጋዮችም እንዲሁ። ስለዚያ በግ ጠባቂ ግን አንድም አልሰማሁም። እሱ ባይኖር ዳዊት ወይ አይሄድም፣ ወይ ሄዶ ሐሳቡ ከኋላው ይቀራል። ልቡ በጎቹ ጋ የቀረ ሰው ደግሞ ወንጭፍ አያነጣጥርም።

ወንድሜ፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሌሊት የምትቆመው፤ እህቴ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቡና የምታፈዪው፤ ውሃ ቦቴ የምትነዳው፣ ጋራዥ የምትውለው፤ ስንቱን ነገር "ጊዜ የለኝም" ብለን አሳለፍነው? የማታ ትምህርቱን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ እናታችንን ሄዶ ማየቱን። ልብ ብዬ ሳየው ብዙ ጊዜ ያጣነው ጊዜ አይደለም። በጎቻችንን አምነን የምንሰጠው ሰው ነው ያጣነው። ሱቁን ማን ይክፈትልኝ? ፈረቃዬን ማን ይሸፍንልኝ? ማንንም አላምንም! ይህን የመጨረሻውን እንደ ብልህነት መናገራችን ያሳዝነኛል። ማንንም አለማመን ብዙ ወጪ አለው፤ ቤተልሔም ጥግ ተቀምጦ ቤተልሔምን ሳያዩ መቅረት ነው።

እንዴት ይገኛል ታዲያ የሚታመን ሰው? ይህን ልጅ ሆነን መስክ ላይ ተምረነው ነበር። እረኞች ተሰብስበን የገና ጨዋታ ስንጫወት ከብቱ እህል እንዳይገባ አንዱ መመለስ ነበረበት። ከብት የመመለስ ተራ አለ። የሰውን ጥጃ ሮጦ የመለሰ ልጅ በተራው ተረጋግቶ ይጫወታል፤ አይቶ እንዳላየ የሆነ ደግሞ የእሱ በሬ ማሳ ሲገባ የሚነግረው አያገኝም። ቀድመህ የሌላውን መልስ፣ ያንተም ይመለስልሃል። ይኸው ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ዘዴ አላውቅም።

አንድ ሐሳብ ልጨምር፣ ከወደዳችሁት ሞክሩት። ሐበሻ የትም አገር ሲሄድ ዕቁብ ይዞ ይሄዳል። የሰዓት ዕቁብስ ለምን አንጥልም? አምስት የሚተዋወቁ ሰዎች በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት ያዋጣሉ፤ ዕጣው የደረሰው የራሱን ጨምሮ አሥር ሰዓት ይወስዳል። አንዱ ሱቁን ይቆምለታል፣ አንዷ ልጁን ትይዝለታለች፣ አንዱ ወረፋ ይይዝለታል። አሥር ሰዓት እኮ ትልቅ ነገር ነው! መጽሐፍ የሚጨርስበት፣ ፈተና የሚያጠናበት፣ ወይም እንዲያው ጠግቦ የሚተኛበት። ዳኛና ጸሐፊ ከተመረጠ ደግሞ ማን ይበላዋል?

ወደ ሉቃስ ልመለስና፣ እኔ የሚመስለኝ ሁሉም አልሄዱም። ማስረጃ የለኝም፤ እረኛ ስለ ነበርኩ ነው። ሌሊት መንጋ ሜዳ ላይ በትኖ የሚሄድ እረኛ የለም። አንድ ወይም ሁለት ሰው፣ ምናልባት ዕጣ ወጥቶበት፣ ምናልባትም ሽማግሌ ሆኖ "እናንተ እግራችሁ ይፈጥናል፣ እኔ አለሁ" ብሎ የቀረ። ከሰማይ የመጣውን ብርሃን እኩል አይቷል፣ ዝማሬውንም እኩል ሰምቷል፤ ግርግሙን ግን አላየም። ሌሎቹ ሲመለሱ አፋቸው ላይ ነው ያየው። እንግዲህ በየበዓሉ ፈረቃ የሚደርስብህ አንተ፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲሄድ ቁልፍ ይዘህ የምትቀር፣ ከሰዎቹ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ሰው እንደ ሆነ እወቅልኝ። የሌሎቹ መሄድ በእሱ መቅረት ላይ የቆመ ነው።

የሄዱትም ቢሆኑ ተመልሰዋል። ቁጥር 20 ይህን ነው የሚለው፤ ስላዩትና ስለ ሰሙት እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ተመለሱ። ወዴት? ወደ በጎቻቸው ነዋ! ሕይወት ቀይር፣ ሥራህን ጣል፣ ትልቅ አልም የሚሉ አነቃቂዎች ይህን ቁጥር አይወዱትም፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ያን ሁሉ አይተው በማግስቱ እዚያው ሜዳ ላይ፣ እነዚያኑ በጎች ይዘው ነው የምናገኛቸው። የደመወዝ ጭማሪ የለ፣ ሹመት የለ። አዲስ ነገር ቢኖር አፋቸው ላይ ያለው መዝሙር ነው። የሰማቸው ሁሉ ተደነቀ ይላል፤ "እረኛ ምን አለ?" ማለት ይህ አይደል?

ላሊበላ የእረኞቹን መዝሙር በየዓመቱ በዓይን ያሳየናል። ታኅሣሥ 29 ካህናቱ ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲያቀርቡ ለሁለት ተከፍለው ነው። ከላይ፣ ከቋጥኙ ጠርዝ ላይ የቆሙት የመላእክት ምሳሌ ናቸው፤ ከታች ያሉት ደግሞ የእረኞቹ። ከላይ ይዘመራል፣ ከታች ይመለሳል። መላእክት ብቻቸውን የሚዘምሩበት አይደለም፤ የታቹ ዝም ቢል በዓሉ ጎዶሎ ነው።

የእረኛ ነገር ከተነሣ፣ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በተሾሙበት ወር፣ ለካህናታቸው የበጎቹ ሽታ ያለባችሁ እረኞች ሁኑ የሚል ምክር ሰጥተው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2023፣ እዚሁ ጁባ መጥተው በጆን ጋራንግ መካነ መቃብር ቅዳሴ ሲመሩ ከተማው በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። ከዚያ ሕዝብ መሀል የኩበት ጭስ የሚሸት ልብስ የለበሰ አይጠፋም ብዬ አስባለሁ። ምክሩ እዚህ ከተማ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለዘበኛው የኤልያብን ታሪክ በማግስቱ ነገርኩት። በጎቹ ጠባቂ እንደ ነበራቸው ሲሰማ ትልቅ ሸክም የወረደለት ይመስል ተነፈሰ። "ጥሩ!" አለ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ ለዲሴምበር 24 ማታ ካቶር ሰፈር ሄዶ ከቤተሰቦቹ ጋር ለልደት መጸለይ እንደሚፈልግ፣ የሚተካው ሰው ግን እንዳላገኘ ነገረኝ።

ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ የነቢያት ጾም ላይ ነን፣ በዓላችን ገና 13 ቀን ይቀረዋል። እኔ ምን ሥራ አለኝ? አሠሪውን አብረን አስፈቀድን። ቦዳ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ሲወጣ ነጭ ሸሚዙ በጨለማው ውስጥ እስኪጠፋ አየሁት። ባትሪውንና ቁልፉን ተረክቤ በወንበሩ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ለእሱ እግር የተሠራ ስለሆነ የእኔ ተንጠልጥሎ ቀረ። የሽሮ ፍትፍቴን በልቼ፣ ቴርሞሴን አጠገቤ አድርጌ፣ ከሩቅ የሚመጣውን ከበሮ እያዳመጥኩ አደርኩ። ሁለቴ መኪና አስገባሁ። አንዴ ድመት አባረርኩ።

ንጋት ላይ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ በዘፈን ብዛት ዘግቷል። ገና ከቦዳ ቦዳው ሳይወርድ፣ "በጎቹስ?" አለኝ።

"አንድም አልጎደለም" አልኩት። የታኅሣሥ 28 ሌሊት ቁልፉን እሱ ነው የሚይዘው፤ ተነጋግረን ጨርሰናል።