ቤት የዋለ ልጅ

ኮሮና የተባለው ተላላፊ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስም አልተከፈቱም። በሐረርም ልጆች ቤት ዋሉ። እግሩ የጸና ልጅ ግን ቢቆጡትም የጨርቅ ኳሱን ይዞ ወደ ጁገል ጠባብ መንገዶች መውጣቱ አይቀርም። በእውነት ቤት የሚታሰረው አካል ጉዳተኛው ነው። ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ሌላ መጫወቻ የለውም።

እናት ልጇን የምታስቀምጠው ስለምትሳሳለት ነው። «አርፈህ ተቀመጥ፣ ትወድቃለህ» ትለዋለች። ይሁን እንጂ መቀመጥ ራሱ ይጎዳል። የማይታጠፍና የማይዘረጋ ጉልበት ይደርቃል። ጡንቻ ይሟሽሻል፤ አጥንት ይሳሳል። ሕመም የማይሰማው ልጅ ደግሞ ሳያውቀው መቀመጫው ይቆስላል። በክራንች ትምህርት ቤት ይደርስ የነበረ ልጅ ከወራት በኋላ ደጃፍ መድረስ ሊያቅተው ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሜዳ የግድ አያስፈልግም። በሐረሪ ቤት ውስጥ ያሉትን ነደባዎች እንመልከት። ከፍታቸው የተለያየ ነው። እግሩ የደከመ ልጅ ሰው አጠገቡ ቆሞለት ከፍ ካለው ላይ ይነሣ፣ ይቀመጥ። ሲበረታ ወደ ዝቅተኛው ይውረድ፤ ከዝቅተኛው መነሣት ይበልጥ ኃይል ይጠይቃልና። እግሩ ጭራሽ የማይታዘዝለት ልጅ በሁለት እጁ ተደግፎ መቀመጫውን ከፍ ዝቅ ያድርግ። ማየት ለተሳነው ልጅ በቆሎ የተጨመረበት የፕላስቲክ ጠርሙስ አንከባሉለት፤ ድምፁን ሰምቶ ይከተለዋል። መስማት ከተሳነው ጋር ደግሞ በፉጨት ፋንታ በእጅ ምልክት መጫወት ነው። ይህን እኮ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ይችለዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ አካል ጉዳተኛ ልጆችም በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። መጀመሪያ ላይ 10 ደቂቃም ቢሆን ከምንም ይሻላል። ቀስ በቀስ ይጨመራል።

ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ጥንቃቄውም አይረሳ። ማየት የተሳነው ልጅ ነገርን የሚያውቀው በመዳሰስ ስለሆነ እጁን ቶሎ ቶሎ ይታጠብ። የክራንቹ እጀታና እጅ የሚነካው የተሽከርካሪ ወንበር ጎማም በሳሙና ይታጠቡ። ከንፈር እያየ ለሚረዳ ልጅ፣ ጭምብል ያደረገ ሰው ራቅ ብሎ አፉን ገልጦ ያናግረው። የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ ግን አስቀድሞ በጤና ጣቢያ ባለሙያ ይጠየቅ።