የጊታር ጠርዝ ቦይ አወጣጥ፦ የመቁረጫና የመምሪያ መሣሪያ ምርጫ

መግቢያ

የአኩስቲክ ጊታር ፊት፣ ጀርባና ጎን ተጣብቀው አካሉ ከተዘጋ በኋላ በጠርዙ ዙሪያ ጠባብ ቦይ ይወጣል፤ በቦዩም ውስጥ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ጥብጣብ በኮላ ይገባል። ጥብጣቡ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለስላሳውን የፊት ሰሌዳ ከግጭት ይጠብቃል፣ የተቆረጠውንም የእንጨት ጫፍ ከእርጥበት ይከላከላል። ሥራው የሚከናወነው አካሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመሆኑ አንድ የአቆራረጥ ስሕተት የቀደመውን ድካም ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያ ሊመረጥ የሚገባው በዋጋው ወይም በኃይሉ ሳይሆን በየትኛው ገጽ ላይ ተደግፎ እንደሚቆርጥ በማየት መሆኑን ማሳየት ነው።

የችግሩ ምንጭ

የጊታር ፊትና ጀርባ ጠፍጣፋ ቢመስሉም ብዙውን ጊዜ በጥቂቱ የጎበጡ ናቸው። የጀርባው ጉብታ 4.5 ሜትር ራዲየስ ካለው ሉል የተወሰደ ነው እንበል። ጠርዙ ከመሃል መስመሩ 200 ሚሊ ሜትር በሚርቅበት በሰፊው የታችኛው ክፍል የገጹ ዝንባሌ 2.5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ሰፊ መቀመጫ ያለው ራውተር በዚህ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ስለቱም በዚያው መጠን ያዘነብላል። የቦዩ ጥልቀት 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ በቦዩ አናትና ግርጌ መካከል 0.27 ሚሊ ሜትር ያህል የስፋት ልዩነት ይፈጠራል። በወገቡ ላይ ግን ርቀቱ 120 ሚሊ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ ወደ 0.16 ይወርዳል። ስለዚህ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥብጣብ ከጎኑ ጋር እኩል እስኪሆን ሲፋቅ በአንዱ ቦታ ሰፊ፣ በሌላው ቀጭን ሆኖ ይታያል።

የአማራጮች ንጽጽር

የመጀመሪያው አማራጭ ከጎኑ እየተመራ መስመር የሚቆርጥ የእጅ መሣሪያና መሮ ነው። ዝግተኛ ቢሆንም ስሕተቱ ትንሽና በጊዜ የሚታይ ስለሆነ ጥቂት ጊታር ለሚሠራ ሰው ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ትሪመር የሚባለው አነስተኛ ራውተር ሲሆን ከመቀመጫው ሥር ጠባብ ቀለበት ይገጠምለታል። ቀለበቱ ገጹን ከጠርዙ አጠገብ ብቻ ስለሚነካ ጉብታው መሣሪያውን አያጋድለውም፤ ነገር ግን ቀጥ ብሎ መቆሙ በሠራተኛው እጅ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሦስተኛው ትሪመሩን በቁም ሐዲድ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ እንዲንቀሳቀስ አድርጎ የሚይዝ መምሪያ ነው። ጊታሩ ከፍታው በሚስተካከል መያዣ ላይ ተቀምጦ ጎኑ በዙሪያው ቀጥ ማለቱ በማዕዘን መለኪያ ይረጋገጣል። እዚህ ላይ ቀለበቱ ጥልቀትን ብቻ ይወስናል፤ ቀጥተኛነትን የሚጠብቀው ሐዲዱ ነው። ሐዲዱ የላላ ከሆነ ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

በሁለቱም የራውተር ዘዴዎች ስፋትን የሚወስነው በስለቱ ላይ የተገጠመው ኩሽኔታ ነው። የስለቱ ዲያሜትር 19፣ የኩሽኔታው 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ የልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የቦዩ ስፋት ይሆናል። ኩሽኔታው በጎኑ ላይ ስለሚሽከረከር በዚያ ያለ ጉብታ ወይም የደረቀ ኮላ ሁሉ በቦዩ ውስጥ ይታተማል፤ ስለሆነም ጎኑ አስቀድሞ መለስለስ አለበት።

የአቆራረጥ አቅጣጫ

ትክክለኛ መምሪያም ቢሆን የእንጨቱን ጭረት ከመሰንጠቅ አያድንም። በተለይ ስፕሩስ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዙሪያው በክፍል ተከፍሎ ከየሰፊው ቦታ ወደ ወገቡና ወደ ጫፎቹ መቁረጥ ይመረጣል። በአንዳንዶቹ ክፍሎች ይህ አካሄድ ከስለቱ ዙረት ጋር ስለሚገጥም መሣሪያው ወደፊት ሊያመልጥ ይፈልጋል፤ በመሆኑም በስስ በስሱ፣ በጽኑ አያያዝ መቁረጥ ያሻል።

ማጠቃለያ

ስፋት ከጎኑ፣ ጥልቀት ከጠርዙ፣ ቀጥተኛነት ደግሞ ከጎበጠው ገጽ ውጭ ካለ መሠረት ሊገኝ ይገባል። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ የሚጠብቅ መሣሪያ በቀላል ኮምፔንሳቶ የተሠራ ቢሆንም፣ በጎበጠው ገጽ ላይ ከሚቀመጥ ውድ ራውተር ይበልጣል። ከዋናው ሥራ በፊትም በቁራጭ እንጨት ላይ ቦይ አውጥቶ ጥብጣቡን መሞከር ግዴታ ነው።