በመዥገር የሚተላለፉ ቫይረሶች ከየት መጡ?

አካባቢያችን ጫጫ የከብትና የበግ አገር ናት፤ ከላም ጡት ሥር ወይም ከበግ ጆሮ መዥገር ሲነቀል ያላየ ተማሪ አይኖርም። መዥገር ደም ከመምጠጡ ሌላ ቫይረስም ያስተላልፋል። የእነዚህን ቫይረሶች አመጣጥና አለዋወጥ እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን የተገኙት

በ1978 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ መዥገሮች አራት ቫይረሶች መገኘታቸውን አስታወቀ፦ ክራይሚያን-ኮንጎ፣ ዱግቤ፣ ቶጎቶ እና ጆስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናይሮቫይረስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ቶጎቶና ጆስ ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ ዘመዶች ናቸው። ጉንፋን መሰሉን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ከብት ላይ በተጣበቀ መዥገር ውስጥ ዘመድ አለው ማለት ነው።

አንድ አባት የላቸውም

ስለዚህ በመዥገር የሚተላለፉ ቫይረሶች የአንድ ዘር ልጆች አይደሉም። የተለያዩ ወገኖች በየራሳቸው መንገድ ከመዥገር ጋር መኖርን ለምደዋል። ቶጎቶን ብንመረምር አብዛኛው ጂኑ ኢንፍሉዌንዛን ይመስላል፤ ወደ ሕዋስ የሚገባበት የሽፋን ፕሮቲን ግን አባጨጓሬን ከሚያጠቁ ቫይረሶች ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል። ይህም በጥንት ዘመን ጂን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እንደተሻገረ ይጠቁማል።

በ2015 በቻይና የተደረገ ጥናት ደግሞ በ70 የነፍሳት፣ የሸረሪት፣ የመዥገርና የመሰሎቻቸው ዝርያዎች ውስጥ 112 አዳዲስ ቫይረሶችን አገኘ። ሰውንና እንስሳን የሚያሳምሙ የብዙ ቫይረሶች ጥንታዊ ዘመዶች በእነዚህ ፍጥረታት ውስጥ ይኖራሉ።

እንዴት ይለወጣሉ?

ከላይ ያየናቸው አራቱ የዘር መረጃቸውን በአርኤንኤ የሚይዙ ቫይረሶች ናቸው። አብዛኞቹ የአርኤንኤ ቫይረሶች ሲባዙ የቅጂ ስህተታቸውን አያርሙም፤ ስለዚህ ለውጥ ቶሎ ቶሎ ይፈጠራል። ሆኖም ቫይረሱ በመዥገርም በእንስሳም አካል ውስጥ መኖር አለበት። በአንዱ ውስጥ የሚበጀው ለውጥ በሌላው ውስጥ ከጎዳው ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ሁለተኛው መንገድ ቁራጭ መለዋወጥ ነው። የክራይሚያን-ኮንጎ አርኤንኤ ሦስት ቁራጭ፣ የቶጎቶ ስድስት ቁራጭ ነው። ሁለት የቅርብ ዘመድ ቫይረሶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቹ ተቀላቅለው አዲስ ዓይነት ሊወጣ ይችላል።

ለእንዲህ ያለ መገናኘት ዕድል ከሚሰጡት አንዱ፣ መዥገሮች በአንድ እንስሳ ላይ ጎን ለጎን ሲመገቡ ቫይረስ ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉ ነው። በ1987 በቶጎቶ ላይ የተደረገ ሙከራ፣ በእንስሳው ደም ውስጥ ቫይረሱ ሳይታይ እንኳ ከመዥገር ወደ መዥገር እንደሚሻገር አሳይቷል።

ከአገር ወደ አገር

ክራይሚያን-ኮንጎ በ1944 በክራይሚያ እንደ በሽታ ታወቀ፤ በ1956 ኮንጎ ውስጥ ቫይረስ ተለየ፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸው የታወቀው በ1969 ነው። ዋና ተሸካሚዎቹ ሃያሎማ የሚባሉ፣ ደረቅና ሞቃት አካባቢ የሚስማማቸው መዥገሮች ናቸው። ርቀው የሚሄዱት በሚሰደዱ ወፎችና ሰው በሚነዳቸው እንስሳት ላይ ተጣብቀው ነው።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

የቫይረሱን ለውጥ ማቆም አንችልም፤ ጉዞውን ግን መቀነስ እንችላለን። ከቆላ ገበያ የተገዛ ከብት ወይም በግ ከመንጋው ከመቀላቀሉ በፊት ተለይቶ ይመርመር፣ ከመዥገር ይጽዳ። መዥገርን በባዶ ጣት አትጨፍልቁ፤ በእርድ ጊዜም እጃችሁን ከደም ጠብቁ። ክራይሚያን-ኮንጎ የያዘው ከብት የሕመም ምልክት አያሳይም፤ ሰውን ግን በብርቱ ትኩሳትና በመድማት ሊገድል ይችላል። ከብት ነክቶ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ይህንኑ ለባለሙያው ይንገር።