«ሌት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

አንባቢ ሆይ፤ እንግሊዝኛ የሚማር ሰው አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ቃላት አንዱ «ሌት» ነው። በእኛ ጆሮ የሌሊት ስም ይመስላል፤ ፍችው ግን መፍቀድ፥ መተው ነው። ቤት ማከራየትም በዚሁ ቃል ይነገራል፤ ባለቤቱ ቤቱን ለሌላው ይለቃልና።

ነገር ግን ይህ ተማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1611 የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ ሮሜ 1፥13ን ቢያነብ፥ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ይሄድ ዘንድ ተፈቀደለት የሚል ይመስለዋል። ከተፈቀደለትማ ስለ ምን ሳይሄድ ቀረ? ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሐዋርያው ተከልክሎ ነበር። በ2ኛ ተሰሎንቄ 2፥7ም ያው ቃል ዓመፅን የሚያግደውን ያመለክታል። «የሚፈቅደው» ብሎ የሚያስተምር ሰው ከልካዩን የዓመፅ ረዳት ያደርገዋል፤ ሰሚዎቹንም ያስታል።

ቃሉ በመልክ አንድ ይሁን እንጂ በዘር ሁለት ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ መፍቀድ «ላታን»፥ መከልከል ደግሞ «ለታን» ይባል ነበር። ሁለተኛው ዘገምተኛ ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ የሰውን መንገድ ማዘግየት መከልከል ነውና። ዛሬ የዘገየውን «ሌይት» የሚሉበት ቃልም ዘመዱ ነው። በዘመን ብዛት የሁለቱ ድምፅ አንድ ሆነ፤ ከልካዩም ቃል እየተረሳ ሄደ። በ1881 የታተመው የታረመ አዲስ ኪዳን በሁለቱም ስፍራ ለውጦታል። አሮጌው ፍች ዛሬ የሚገኘው በሕግ ጽሑፍ፥ መንገደኛው ያለ ከልካይ እንዲያልፍ በሚጠይቀው የብሪታንያ ፓስፖርት፥ ደግሞም የመጀመሪያው ምት መረቡን ነክቶ ሲያልፍ በቴኒስ ተጫዋቾች አፍ ነው።