ልጅን ደረጃ በደረጃ መልቀቅም ተርቢያ ነው



የክረምት ዕረፍት በመጣ ቁጥር የብዙ ወላጅ ጭንቀት «ልጆቹ የት ይዋሉ?» የሚል ነው። አንዱ በር ዘግቶ ያስቀምጣቸዋል። ሌላው «አላህ ይጠብቃቸው» ብሎ ያለ ትምህርትና ያለ ጠባቂ ይለቃቸዋል። ሁለቱም ከአማናው ያጎድላሉ። ልጅ አማና ነው ሲባል አቅፎ መያዝ ብቻ አይደለም፤ አስተምሮ ደረጃ በደረጃ መልቀቅም ጭምር ነው።

ደረጃውን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንማራለን። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሆነው በሶላት እንዲታዘዝ፣ ጠንከር ያለው ተጠያቂነት ግን አሥር ሲሞላው እንዲመጣ ተነግሯል። በመካከሉ ሦስት ዓመት አለ። በቀን አምስት ወቅት ብለን ብናሰላው ልጁ ከአምስት ሺህ ጊዜ በላይ ይለማመዳል ማለት ነው። አነስ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያገለግሉ አንድ ቀን ለጉዳይ ተልከው ገበያ ላይ ከሚጫወቱ ልጆች ዘንድ ቆሙ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከኋላ መጥተው እየሳቁ የተላኩበትን ጠየቋቸው እንጂ አልተቆጧቸውም።

እኔ የዚህን ጥበብ በዓይኔ የማየው በየክረምቱ ልጆቼን ወደ አያቶቻቸው አገር ወደ ጎረቤላ ስወስድ ነው። ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአንኮበር ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ በታች አገሩ ወደ አሊዩ አምባ ያዘቀዝቃል፤ የክረምቱ ዝናብም በየሸለቆው ጅረት እየሆነ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ለከተማ ልጅ መዋኛ ገንዳ የሆነው ነገር እዚያ ለሚያድገው ልጅ ይኸው ጅረት ነው።

የመጀመሪያውን ክረምት ትልቁ ልጄ ጅረቱን በጀርባዬ ታዝሎ ተሻገረ። በሁለተኛው እጄን ይዞ፣ በሦስተኛው የሚረግጠውን ድንጋይ ራሱ እየመረጠ ተሻገረ። በአራተኛው ክረምት ግን ከዳር ቆመና ታናሽ እህቱን «ቆይ! ውሃው ደፍርሷል፤ ላይ ዘንቧል» ብሎ መለሳት። ልጄ ራሱን ቻለ ያልኩት በተሻገረበት ክረምት ሳይሆን አልሻገርም ባለበት ክረምት ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ከታች ፀሐይ እያለ እንኳ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ወደ ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ድርጅቱ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ዋና እንዲማሩ ይመክራል። ለእኛ ይህ እንግዳ ምክር አይደለም። ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ዋና መማር ከከንቱ ጨዋታ ተለይቶ ከተቆጠሩት አራት ነገሮች አንዱ ነው።

ስለዚህ የምንችል ወላጆች ልጆቻችንን በገንዳ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር እናስተምር። ሴቶች ልጆችን አንርሳ! ውሃ ወንድና ሴት አይለይም። ሐያቸውን የሚጠብቅ ልብስ፣ ሰዓትና ቦታ መፈለግ የእኛ ድርሻ ነው እንጂ እነርሱን ከትምህርቱ ማስቀረት መፍትሔ አይሆንም። ዋና የቻለ ልጅም ቢሆን ብቻውን አይግባ፤ የደፈረሰና የሞላ ውሃ ደግሞ ማንም አይድፈር።

ወላጅ ዕድሜ ልኩን የልጁን እጅ ይዞ አይኖርም። እጁን ከመልቀቃችን በፊት ልቡናው ውስጥ የምንተክለው ማስተዋል ግን በሌለንበትም አብሮት ይሄዳል። ተወኩል ማለትም ግመሏን አስሮ በአላህ መመካት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አማናችንንም የምንወጣ ያድርገን። አሚን።