የአዘዞው አትክልትና የካህፉ ሰው

 

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን የቀራችሁ በባለ ሁለቱ አትክልት ሰው ታሪክ አልፋችኋል። አላህ ወይን፣ ዘንባባና በመሐል የሚፈስ ወንዝ ሰጥቶት ነበር። እሱ ግን በሀብቱና በሰዎቹ ብዛት በጓደኛው ላይ ተኩራራ፤ አትክልቱ ይጠፋል ብሎ አላሰበም። በመጨረሻ ሁሉም ከነዳሱ ወደቀ፤ ሰውዬውም መዳፉን እያገላበጠ ቀረ።

ለእኛ ለጎንደር ልጆች ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) እዚሁ አዘዞ ላይ ቤተ መንግሥት፣ የውሃ ገንዳና የተከለለ አትክልት አሠርተው ነበር። ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው ደንቀዝ ደግሞ በድንጋይና በኖራ ትልቅ ግንብ አስገነቡ። ዛሬ ሁለቱም ፍርስራሽ ናቸው።

ብዙዎቻችን ፍርስራሽ ስናይ «የተረገመ ነው፣ ጂን አለበት» እንላለን። ወንድሜ፣ ድንጋይ ምን በደለ? ግቢው ወደ ጎንደር ሲዞር ሰው ተወው፤ ዝናብና ጊዜ የቀረውን ጨረሱ። በንጉሡ ነፍስ ላይ መፍረድም የእኛ ሥራ አይደለም፤ ፍርዱ የአላህ ነው። የእኛ ድርሻ መማር ነው።

ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። የራሳቸው ምርጫ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ነገር ግን በአዋጅና በጦር በሕዝቡ ላይ ሊጭኑት ሞከሩ። መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ገበሬው እንቢ አለ፤ የላስታ ሰው ለዓመታት ተዋጋ። በ1632 ንጉሡ በጦርነት አሸነፉ፤ ሜዳው ላይ የወደቁት ግን የገዛ አገራቸው ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት አዋጁን ሽረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ብዙ ሳይቆዩም ሞቱ። የተቀበሩትም አዘዞ ነው።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኪብር ምን እንደሆነ አስተምረውናል፦ እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ ነው። ጥሩ ልብስና ጥሩ ጫማ መውደድ ኪብር አይደለም። የሚያምር ግንብ መሥራትም በራሱ ወንጀል አይደለም። ጥፋቱ «እኔ ያልኩት ካልሆነ» ብሎ የሰውን ልብ በጉልበት ለመክፈት መነሳት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የንጉሡ ዜና መዋዕል የደንቀዝን ግንብ የሠራው ባለሙያ አብዱልከሪም የሚባል ሕንዳዊ እንደነበር ይናገራል። የስሙን ትርጉም ታውቃላችሁ፤ የቸሩ ጌታ ባሪያ ማለት ነው። አሠሪው ንጉሥ፣ ሠሪው ግንበኛ፤ ሁለቱም ባሪያ ነበሩ። ሁለቱም አፈር ገቡ።

እኛ ግንብ የለንም። ግን ትንሽ ሱቅ፣ ዲግሪ፣ ጥቂት ሺህ ተከታይ አለን፤ በዚያች ታናሽ ወንድማችንን፣ የሰፈራችንን ሊስትሮ፣ እምነቱ የተለየ ጎረቤታችንን ዝቅ አድርገን የምናይ ስንቶች ነን? እናታችን ስታርመን እውነቷን መሆኑን እያወቅን የተኮሳተርንስ?

የዛሬው የቤት ሥራ አንድ ነው። በዚህ ሳምንት የናቅከው ወይም ትክክል መሆኑን እያወቅክ የተከራከርከው አንድ ሰው አስታውስ። ከመግሪብ በፊት ደውልና «አንተ ነበርክ ልክ» በለው። እህቴ፣ አንቺም እንዲሁ።

አላህ ልባችንን ከኪብር ያጽዳልን። ኣሚን።