ሐረጎ ላይ የቀረው አማካይ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲያልፍ የጃኬቱን ዚፕ ቀስ በቀስ ይፈታል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሁለቱን ከተሞች ከፍታ ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ 2,175 ሜትር ይመጣል። ስሌቱ ልክ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ግን ደሴም የለችም፣ ኮምቦልቻም የለችም፤ ያለው ቁልቁለቱ ነው።

ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ አማካይ የሚናገረውንና የማይናገረውን በአንድ ጉዞ ተረድቷል። እኔ እዚህ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሚን (አማካይ)፣ ሚዲያን፣ ሞድን የተማርኩት በሽምደዳ ነበር፤ ፈተናው ሲያልፍ አብረው ጠፉ። «ጭንቅላቴ ለቁጥር አልተፈጠረም» ብዬም ደመደምኩ። ወዳጆቼ፣ ከእናንተም ይህን ፍርድ በራሱ ላይ የፈረደ ካለ ዛሬውኑ ያንሳው። እኔ ስታትስቲክስን የወደድኩት ቁጥሩን በጣቴ ነክቼ ያንቀሳቀስኩ ዕለት ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ጂኦጀብራ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ ማርከስ ሆሄንዋርተር የተባለ ኦስትሪያዊ በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። አንዴ ስልክ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ነጥብ ታስቀምጣላችሁ፣ ነጥቡን ትጎትታላችሁ፣ ውጤቱ ዓይናችሁ እያየ ይለወጣል።

እስቲ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሱቅ ያላት አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። ሰኞ የሸጠችው 2,900 ብር ነው። በቀሩት ስድስት ቀናት 600፣ 500፣ 700፣ 400፣ 500 እና 700 ሸጠች። ሲደመር 6,300፣ ለሰባት ሲካፈል በቀን 900 ብር። «በቀን 900 አገባለሁ» ብላ ለማክሰኞ ዕዳ ቀጠሮ ብትይዝ ማክሰኞ ታፍራለች፤ ከሰኞ በቀር 900 የደረሰ አንድም ቀን የለማ! ሰባቱን ቁጥሮች ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድራ መሀል ላይ የተቀመጠውን ብታነሳ ግን 600 ታገኛለች። ሚዲያን የሚባለው ይኸው ነው፤ የሱቋን የአዘቦት ቀን የሚነግራት እሱ ነው።

አሁን ሰባቱን ቁጥሮች በስልኩ ላይ በነጥብ አስቀምጡና የሰኞውን ነጥብ በጣታችሁ ይዛችሁ ጎትቱት። ከ2,900 አንስታችሁ 6,400 አድርሱት። አማካዩ እየተከተለ ይሄድና 1,400 ላይ ይቆማል። ሚዲያኑ 600 ላይ እንደተተከለ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። አንዱን ቁጥር አንድ ትልቅ ቀን ጎትቶ ሲወስደው ሌላው ለምን እንደማይነቃነቅ ጣታችሁ ያውቀዋል። እኔ ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን አሥር ጊዜ ደጋግሜ ጎትቻለሁ። መምህራን፣ እባካችሁ ቀመሩን ከዚህ በኋላ ጻፉት። ያኔ ተማሪው ቀመሩን የሚያየው ቀድሞ ለሚያውቀው ነገር የወጣ ስም ሆኖ ነው።

ስዊድናዊው ሐኪም ሃንስ ሮስሊንግ በ2006 እ.ኤ.አ. መድረክ ላይ ቆሞ አገራትን እንደ አረፋ በስክሪን ላይ ሲያንሳፍፍ ዓለም የተገረመው የሠንጠረዥ ቁጥር ሕይወት ስላገኘ ነው። የእኛም ቁጥር እንዲሁ ይንቀሳቀሳል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችን ውሰዱ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በ1992 ዓ.ም. ጥናት ከ1,000 ውስጥ 166 ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. 123፣ በ2003 ዓ.ም. 88፣ በ2008 ዓ.ም. 67፣ በ2011 ዓ.ም. 59 ሆኑ። ከስድስት ሕፃናት አንድ ይሞት የነበረበት አገር ከ17 አንድ ላይ ደረሰ ማለት ነው። አምስት ነጥብ አስቀምጡ፣ በመስመር አያይዟቸው፤ ቁልቁለት ይወጣችኋል። በዚያ መስመር ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እግር አለ፣ ክትባት አለ፣ የእናቶች ጥንቃቄ አለ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ልጅ እጁን ያወጣል፦ «መጀመሪያ በዓመት ከስምንት በላይ ይቀንስ የነበረው በመጨረሻ ለምን ወደ ሦስት ገደማ ወረደ?» ይህ ጥያቄ የተመራማሪ ጥያቄ ነው፤ ልጁ ግን ገና ዘጠነኛ ክፍል ነው።

ወሎ ደግሞ ለዚህ ትምህርት የተሰናዳ አገር ነው። በልግና ክረምት ያለበት ምድር ላይ የዓመቱ የዝናብ ድምር ብቻውን ብዙ እንደማይናገር የደጋ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። በኮምቦልቻ የዓመቱን ዝናብ ግማሽ ያህል ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ይወስዱታል። የየወሩን ዝናብ በዘንግ ግራፍ ብታስቀምጡት፣ ድምሩ ሳይቀየር የመጋቢቱ ዘንግ አጥሮ የነሐሴው ቢረዝም በልግ አምራቹ ባዶ እጁን ይቀራል። ዘንጎቹን በጣቱ ከፍ ዝቅ ያደረገ ልጅ አባቱ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

መብራት የለም? ስልክ የለም? እንግዲያው ነገ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በኖራ አንድ መስመር አስምሩ፤ ከ0 እስከ 9 ቁጥር ጻፉበት። ልጆቹ ባላቸው ወንድምና እህት ብዛት ቁጥራቸው ላይ ከፊትና ከኋላ ተሰልፈው ይቁሙ። የቆሙት ልጆች ራሳቸው ግራፍ ናቸው። ረጅሙ ሰልፍ ሞድ ነው። ከሁለቱ ጫፍ እኩል እያስወጣችሁ መሀል የቀረውን ልጅ ጠይቁት፣ ሚዲያኑ እሱ ነው። ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለስ። አርፍዳ የመጣች ልጅ ቦርሳዋን እንደያዘች «ቲቸር፣ እኔ ዘጠኝ ወንድምና እህት አሉኝ፤ የት ልቁም?» ስትል ጫፍ ላይ አቁሟትና መላው ክፍል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይገምት፦ አሁን አማካዩ ወዴት ይሄዳል?